ሞተሩ የት ይቀመጥ?

ስድስት ኪሎ ተቀምጦ ታሪክና ሰዋስው የሚያጠና ተማሪ ስለ ሞተር ለመጻፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። አገባን የምንለው ዕዳ ስላለብን ነው፤ ዕዳውም የአጎታችን የእቁብ ገንዘብ ነው።

የምንኖረው ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ መውጣት በሚጀምርበት ሰፈር ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ስንወርድ እግራችን ራሱ ይሮጥልናል፤ ማታ ስንመለስ ግን ዳገቱ የቀኑን ትምህርት ሁሉ ያስረሳናል። አጎታችን በዚሁ ዳገት ላይ ድርና ማግ ለሸማኔዎች እያደረሱ፣ ተሠርቶ ያለቀውንም ልብስ ወደ ሽሮ ሜዳ ሱቆች እያወረዱ የሚኖሩ ሰው ናቸው። አምና እቁባቸው ሲደርሳቸው የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ለመግዛት አሰቡና «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ የትኛው ይሻለኛል?» ሲሉ ጠየቁን።

እኛም ያነበብነውን ሁሉ ዘረገፍንላቸው። አንደኛው ዓይነት ሞተሩ ከመካከል ተቀምጦ ኃይሉን በሰንሰለት ወይም በጥርስ ወደ ጎማው የሚልክ ነው፤ ሁለተኛው ሞተሩ ራሱ ቸርኬው ውስጥ የተሰካ ነው። «ሁለተኛውን ይግዙ፤ ሰንሰለት የለው፣ ቅባት አይፈልግ፣ ድምፁም አይሰማ» አልናቸው። እሳቸውም አምነውን ገዙ።

የሰጠነው ምክንያት ሐሰት አልነበረም። በአውቶሞቢልም ቢሆን በየጎማው ውስጥ ሞተር ቢገባ ካምቢዮና ዲፈረንሻል፣ ኃይል አስተላላፊውም ዘንግ ይቀራሉ፤ የተረፈው ቦታ ለሰውና ለዕቃ ይሆናል። እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ስለሚታዘዝ፣ አንዱ ጭቃ ላይ ቢያንሸራትት የእሱን ኃይል ቀንሶ የሌላውን መጨመር ይቻላል። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ከማየቷ በፊት፣ ፈርዲናንድ ፖርሸ የተባለው ሰው በፈረንጆች 1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ በፊት ጎማዎቹ ውስጥ ሞተር ያለው የኤሌክትሪክ መኪና አሳይቶ ነበር። ዕድሜው ያን ጊዜ ገና 24 ነበረና፣ ይህን ስናነብ እኛም በእኩያችን ኮርተን ነበር።

ሦስት ወር ያህል አጎታችን መረቁን። ከዚያ አንድ ቀን ከወትሮው ከበድ ያለ ፈትል ጭነው ሲወጡ፣ ከዳገቱ እኩሌታ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተታቸው፤ ሞተሩም ቆመ። ከትምህርት ስንመለስ ብስክሌቱን ከነጭነቱ ሲገፉ አገኘናቸው። አልተቆጡንም። «ልጄ፣ የነገርከኝ ሁሉ ልክ ነበር፤ ዳገቱን ብቻ አልነገርከኝም» አሉን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። በማግሥቱ ጠጋኙ ቸርኬውን ሲከፍተው የመዳቡ ሽቦ ጥቅል ጠቁሮ ከስሎ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ አምስት ኪሎ ወርደን ምሕንድስና ከሚያጠና ጓደኛችን ዘንድ መጠየቅ የጀመርነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚመቸው ፈጥኖ ሲዞር ነው። ቸርኬ ውስጥ ያለውና ጥርስ የሌለው ሞተር ግን ጎማው ከሚዞረው በላይ መዞር አይችልም። ዳገት ላይ ጎማው ይዘገያል፣ ጭነቱ ይከብዳል፤ ሞተሩም ያንን ለመግፋት ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ሽቦው ይግላል። በዝግታ ሲኬድ ደግሞ የሚያቀዘቅዝ ነፋስ የለም፤ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ አየሩ ስስ ስለ ሆነ እንደ ቆላው ሙቀት አይወስድም። በከተማችን የምናያቸው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ግን ሞተራቸውን ከአካላቸው ላይ አድርገው በጥርስ ስለሚያገናኙት፣ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለዚህ ዳገቱን ብዙ ሳይቸገሩ ይወጡታል።

ሁለተኛው ችግር የመንገዱ ምት ነው። ከባሌስትራ በላይ ያለው ሁሉ ምቱ በርዶ ይደርሰዋል፤ ጎማው ግን ድንጋዩንና ጉድጓዱን በቀጥታ ይቀበላል። ሞተር ሲጨመርበት ጎማው ስለሚከብድ ከጉድጓድ ሲወጣ መንገዱን ቶሎ መልሶ አይዝም። ማግኔቱ፣ ሽቦውና ኩሽኔታው የክረምቱን ጎርፍና ጭቃ ከመሬት ጋር ተጠጋግተው ይጠጣሉ። መሐንዲሶቹ ባሌስትራውን አስተካክሎ ይህን መቀነስ ይቻላል ይላሉ፤ እኛም አንክድም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ሎርድስታውን የተባለው ኩባንያ በአራቱም ጎማዎች ውስጥ ሞተር ያለው የጭነት መኪና ሠርቶ ጥቂት ብቻ እንዳወጣ በ2015 ዓ.ም. የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። ለኪሳራው ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን መንገዱ ገና እንዳልተጠረገ ያሳያል። በ1963 ዓ.ም. በጨረቃ ላይ የተነዳችው መኪናም በየጎማዋ ሞተር ነበራት፤ በዚያ ግን ዕቃ ሁሉ የሚመዝነው በምድር ከሚመዝነው አንድ ስድስተኛውን ነው፤ ዝናብም የለም።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው በጎማ ውስጥ ያለውን ሞተር ለመርገም አይደለም። ለሜዳ ከተማና ለቀላል ጭነት ጥሩ ነው፤ ነገም ይሻሻል ይሆናል። ነገር ግን መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ፣ የዓባይ ግድብም በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ከተመረቀ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የመምረጥ ነገር የሁላችንም ቤት ጉዳይ ሆኗል። ብዙ ሰውም እንደ አጎታችን ያጠራቀመውን ይዞ፣ ተምሯል ያለውን የሰፈሩን ልጅ ይጠይቃል።

አሁን ልጆች እያስጠናን ከምናገኘው ላይ በየወሩ እየቀነስን ለአጎታችን እንከፍላለን። እሳቸው አንቀበልም ቢሉም፣ ለአክስታችን እየሰጠን ነው። አንተም ወንድማችን፣ አንቺም እኅታችን፣ ነገ ጠያቂ ሲመጣባችሁ ከመልሱ በፊት «መንገድዎ በየት ነው? ምን ይጭኑበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ይህን ሳንጠይቅ ነበር የመለስነው።