በሙዱላ ስለሚወርዱት ጅረቶችና የጅረትን ዓሣ በቤት ስለ ማኖር

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና፤ ከሆሳዕናም ወደ ዱራሜ የሚያልፍ መንገደኛ፤ የእንሰቱን ልምላሜና የአምበሪቾን ተራራ እያየ ይሄድና በሐደሮ በኩል ወደ ሙዱላ ሲደርስ የአገሩ መልክ ይለወጥበታል። ሙዱላ የጠምባሮ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ምድሩ እያዘቀዘቀ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከወንዙም ማዶ ያለው አገር ዳውሮ ነው።

እኛ ይህን አገር በጐበኘን ጊዜ አተኵረን የተመለከትነው የውኃውን አወራረድ ነው። ከደጋው የሚነሣው ጅረት በአጭር መንገድ ብዙ ቁልቁለት ስለሚወርድ በድንጋይ ላይ እየተሰበረ አረፋ እየደፈቀ ይሄዳል። በወላይታ ወሰን አካባቢ ያለው የአጆራ ፏፏቴም የአጃንቾና የሶኬ ወንዞች ከገደል የሚወረወሩበት ስፍራ ነው። ውኃ እንዲህ በተሰበረ ቍጥር ከአየር ጋር ይደባለቃል፤ ስለዚህ ዓሣ የሚተነፍሰው ኦክሲጅን በውስጡ ይበዛል።

በእንዲህ ያለ ውኃ የሚኖር ዓሣ አፈጣጠሩ ልዩ ነው። በኦሞ ተፋሰስ የሚገኘውና ሊቃውንት ጋራ ብለው የሚጠሩት ትንሽ ዓሣ ከአፉ ሥር መጣበቂያ ስላለው ጎርፍ ሲመጣ ድንጋዩን ይዞ ይቆያል። ከአምባዛም ወገን እንደዚሁ ያሉ አሉ። በገበያ የምናውቀው ትልቁ አምባዛ በረጋና በደፈረሰ ውኃ ይኖራል፤ ሲቸግረውም ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይስባል። የተራራ ጅረት አምባዛ ግን ጣት የሚያህል ነው፤ ሆዱ ጠፍጣፋ፤ አፉ ወደ ታች የዞረ ሆኖ በድንጋይ መካከል የውኃ ትሎችን እየለቀመ ይኖራል። ከእነዚህ አንዱን ቡላንጀር የተባለ የሎንዶን ሙዚየም ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1904 በሞጆ ወንዝ ስም ኪሎግላኒስ ሞጄንሲስ ብሎ ሰይሞታል። ከንፈሩ ክብ ስለ ሆነ በድንጋይ ላይ ይጣበቅበታል።

በከተሞቻችን በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያኖሩ ቤተ ሰቦች አሉ፤ ለልጆችም መልካም ትምህርት ነው። ነገር ግን የጅረት አምባዛ ለማኖር የሚወድ ሰው ውኃውን ብቻ ሳይሆን የውኃውንም ሩጫ ወደ ቤቱ ማምጣት አለበት።

ገንዳው 100 ሊትር ቢይዝ ውኃው ብቻ 100 ኪሎ ስለሚመዝን ጽኑ መቀመጫ ያሻዋል። በአንድ ወገን የሚገፋ የውኃ ፓምፕ ይደረጋል፤ ይኸውም በሰዓት ወደ 1,000 ሊትር ቢያንቀሳቅስ ይበቃል። ከሥሩ ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ይነጠፋል፤ በድንጋዮቹም መካከል ዓሣው ቀን የሚሸሸግበት ዋሻ ይተዋል። የውኃው ሙቀት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይስማማዋል። ውኃ እየሞቀ በሄደ መጠን ኦክሲጅኑ ይቀንሳል፤ በባሕር ጠረፍ ከፍታ አንድ ሊትር ውኃ በ20 ዲግሪ ወደ 9 ሚሊግራም ኦክሲጅን ሲይዝ በ30 ዲግሪ የሚይዘው 7 ተኩል ያህል ነው። በደጋ አገር ደግሞ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ከዚህም ያንሳል።

አዲስ ገንዳ ወዲያው ዓሣ አይገባበትም። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ የሚለውጡ ጥቃቅን ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። ከዚያም በየሳምንቱ የውኃው አንድ አራተኛ ይለወጣል፤ የቧንቧውም ውኃ ክሎሪኑ እንዲጠፋ አስቀድሞ ይታከማል። ይህ ዓሣ ቅርፊት ስለሌለው ጨውና መድኃኒት ይጐዱታል፤ ስለዚህ ሳያስቡ መጨመር አይገባም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። ትልቁ አምባዛ በረጋ ውኃ ብዙ ሲታገሥ የጅረቱ አምባዛ ፓምፑ ሲቆም ይታፈናል። የቤቱ ጌታ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ማዘጋጀት ካልቻለ ዓሣውን አለማምጣቱ ይሻላል፤ ልጆቹን ወደ ጅረቱ ወስዶ ቢያሳያቸው ይበልጥ ደስ ይላቸዋልና። የሚያመጣም ቢሆን አስቀድሞ የወረዳውን ሹማምንት ፈቃድ ይጠይቅ፤ ከአንድ ወንዝ ያወጣውንም ዓሣ ወደ ሌላ ወንዝ ከቶ አይልቀቅ።

በገንዳ የሚታየው ነገር በአገርም ይታያል። የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ቁመቱ 243 ሜትር፤ ከኋላው የተኛውም ሐይቅ ርዝመቱ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። ለአገር ብርሃን ሰጥቷል፤ ለአሥጋሪም ሰፊ ውኃ ነው። ሩጫ ለሚወድ ዓሣ ግን የረጋ ውኃ መኖሪያ አይሆነውም፤ የሚቀሩለት ከደጋ የሚወርዱት ትንንሾቹ ጅረቶች ናቸው። የጅረቱ ዳር ተመንጥሮ አፈሩ ቢታጠብ ደለሉ የድንጋዩን ዋሻ ይደፍነዋል፤ ጥላው ሲጠፋም ውኃው ይሞቃል። እንግዲህ አንባቢዎቻችን፤ ሹማምንትም ሆናችሁ ባለ ርስት፤ በየአገራችሁ ያለውን የጅረት ዳር ዛፍ ጠብቁ። ለጅረቱ ዓሣ ጥላውም፤ ፓምፑም፤ ቤቱም እርሱ ነውና።