እጅ ሲንቀጠቀጥ ሁሉ እርጅና አይደለም

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ አባቴ ቁጭ ባለበት ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። እርምጃው አጥሯል፣ ፊቱም ደርቋል። ግማሹ ዘመድ እርጅና ነው ይላል፣ ግማሹ ጸበል ውሰደው ይላል። ምን ትለኛለህ?»

ሐኪም ስላልሆንኩ «ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰደው» አልኩት። ግን የነገረኝ ምልክት ፓርኪንሰን በሚባለው በሽታም የሚታይ ስለሆነ፣ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ እንደ ክፍላችን ላስረዳ።

«ማይቶኮንድሪያ የሴል ኃይል ማመንጫ ነው» ብላችሁ ለፈተና የሸመደዳችሁት ትዝ ይላችኋል አይደል? አእምሯችን ውስጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። እዚያ ያሉት ሴሎች በሚያመርቱት ዶፓሚን ነው እንቅስቃሴያችን የሚሳለጠው። ቅርንጫፋቸው ብዙ ነው፣ ሥራቸውም እረፍት የለውም፤ ስለዚህ ብዙ ጉልበት ይፈጃሉ። ማመንጫው ሲዳከም በቀላሉ የሚጎዱትም እነሱ ናቸው። ዶፓሚን ሲያንስ ሰውነት ይዘገያል፣ ይገትራል፣ ይንቀጠቀጣል።

እ.ኤ.አ. በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተበላሸ ዕፅ የወሰዱ ወጣቶች ድንገት እንደ ፓርኪንሰን ታማሚ ደርቀው ቀሩ። ዕፁ ውስጥ የተገኘው ኤምፒቲፒ የሚባል ኬሚካል ሰውነት ውስጥ ተለውጦ የማይቶኮንድሪያን ሥራ ያግዳል። በኛም አገር ብርብራ አለ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ የሚያደነዝዘው ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ነው። እሱም የሚያግደው ያንኑ ማመንጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪዎች ሮቴኖን የሰጧቸው አይጦች ላይ ፓርኪንሰን መሳይ ምልክት እንዳዩ አሳተሙ። ብርብራ ደጁ ያለው ሰው ሁሉ ይታመማል ማለቴ ግን አይደለም፤ ዕድሜም፣ ዘርም፣ ሌላም ምክንያት አለበት።

ሌቮዶፓ የሚባል መድኃኒት አለ። በሽታውን ነቅሎ አያጠፋም፣ ግን ብዙ ሰው ያንቀሳቅሳል። ለኛ ለክትፎ ወዳጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ፕሮቲን መድኃኒቱን አንጀት ላይ ይሻማዋል። ከምግብ በፊት በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ሐኪሙን ጠይቁ፣ በተለይ ለመስቀል ሰሞን። ጸበሉም ይቀጥል፤ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታስቁሙ። አዲስ አበባ ውስጥ ወ/ሮ ክብራ ከበደ፣ እሳቸውም ታማሚ ሆነው፣ ያቋቋሙት የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አለ፤ አፈላልጉት።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ «ፍጠን» አትበሉት። አስቦ ነው የሚዘገየው የሚል ካለም ይህን አስነብቡት። ቡና ስትቀዱለት ሲኒውን አትሙሉት፤ እንዳይፈስበት ብሎ ከሰው ተለይቶ እንዳይቀመጥ።