ያጎረስከውን እወቅ

በአማርኛችን መሣሪያም እንደ ሰው ይጎርሳል። አባቴ «ያጎረስከውን እወቅ» ይል ነበር። ቃሉ የገባኝ ግን ከዘመናት በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ ለተግባራዊ ተኩስ ውድድር ሪቮልቨር ሳነሣ ነው።

ሪቮልቨርን አንድ በአንድ ማጉረስ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ተወዳዳሪው ጥይቶቹን በአንዲት ስስ የብረት ቀለበት ሰክቶ ባንድ ጉርሻ ይጨርሳል። ቀለበቷን የጨረቃ ክሊፕ ይሏታል፤ እናቷ እ.ኤ.አ. በ1917 ለአሜሪካ ጦር ሽጉጥ የተሠራችው ባለ ሦስት ጥይት ግማሽ ጨረቃ ናት።

ከፊቴ ሁለት ምርጫ ነበር፦ ስምንት የሚጎርስ ባለ 9 ሚሊ ሜትር፣ ስድስት የሚጎርስ ባለ .45 ኢንች። ደንቡ የአረሩን ክብደት በፍጥነቱ አባዝቶ ለ1000 ያካፍላል። 230 ግሬን አረር በሴኮንድ 720 ጫማ ቢወረወር 165ን ያልፋልና «ከባድ» ይባላል። ሳያጎርሱ ከስድስት በላይ የሚተኩሱ ግን «ቀላል» ብቻ ይቆጠርላቸዋል። ከመካከል ፈቀቅ ያለች ከባድ ጥይት 4፣ ቀላል 3 ነጥብ ታገኛለች። እጄ እንደሚስት አውቃለሁና .45ን መረጥሁ። አጭርና ድቡልቡል ጥይቱም ቀዳዳውን ፈልጎ ይገባል።

በመጀመሪያው ውድድሬ፣ በሁለተኛው ጉርሻ፣ ከበሮው አልዞር አለ። ቀለህ በእጄ ፈልቅቄ ሳወጣ ያጣመምኳት ቀለበት ነበረች። ሰዓቱ ይቆጥራል፤ እኔ ቆሜአለሁ።

ደንቡ ለሳተ እጅ ይራራል፤ የጎበጠች ቀለበት ግን አትራራም። ዛሬ ከውድድር በፊት በነበረው ምሽት ባዶ ቀለበቶቼን አንድ በአንድ በባዶው ከበሮ ከትቼ አዞራለሁ። የምትፋጨውን እጥላለሁ። አባቴ ቢያየኝ፣ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር።