ከካርቱም እስከ ጎንደር ግንብ በብስክሌት

በአውሮፓ ብስክሌት የሚወዱ ሰዎች የዕረፍታቸው ወራት ሲደርስ ካርታ ዘርግተው፣ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየተሻገሩ የጥንት ግንቦችን የሚጐበኙበትን የጥቂት ቀን ጉዞ ማሰናዳት ልማዳቸው ነው። በካርቱም የሚኖር ሰው ግን ይህን ቢመኝ በአቅራቢያው ኮረብታም ግንብም አያገኝም። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙበት ምድር እንደ ገበታ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከተማውም ቢሆን የቱርክና የግብፅ ጦር ሰፈሩን በዚያ ካደረገ ወዲህ የተስፋፋ ስለ ሆነ ከሁለት መቶ ዓመት ብዙ የሚበልጥ ታሪክ የለውም። ስለዚህ ግንብ ፈላጊው ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ መልሶ፣ 760 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ጎንደር መግባት አለበት።

ይህን ጉዞ እኔና አንድ ባልንጀራዬ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በካርቱም፣ ዴይም በሚባለው ሰፈር ተቀምጠን አቀድነው። ባልንጀራዬ ማለቴ ድፍረት ነው፤ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ፣ ብስክሌት በመጠገን የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። የጭልጋ ተወላጅ ሲሆኑ በ1976 ዓ.ም.፣ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳሉ፣ በሌሊት በእግራቸው ወደ መተማ ወርደው ሱዳን የገቡ ስደተኛ ነበሩ። «አገሬን በጨለማ ነው የወረድሁት፤ ዳገቱን በቀን አላየሁትም። የፋሲልንም ግንብ ከጎኑ ተወልጄ ሳለ አንድ ቀን ገብቼ አላየሁትም። ሳልሞት ሽቅብ ልውጣውና ልየው» ይሉኝ ነበር።

እኔ መጀመሪያ ያወጣሁት ዕቅድ የጀማሪ ሥራ ነበር። ጠቅላላውን ኪሎ ሜትር በአሥር ቀን አካፍዬ፣ ለየቀኑ ሰባ ስድስት ኪሎ ሜትር ደለደልሁ። ሽማግሌው ወረቀቱን አይተው ሳቁ። የዚህ መንገድ ምሥጢር በርዝመቱ ሳይሆን በከፍታው ላይ መሆኑን ያስረዱኝ ያን ቀን ነው። ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ያህል ነው፤ መተማም 700 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ብስክሌተኛው 570 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚወጣው ከፍታ ከሦስት መቶ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። የመጨረሻው 190 ኪሎ ሜትር ብቻውን ከቀድሞው መንገድ ሁሉ ከአራት እጥፍ የሚበልጥ ከፍታ ይዞ ይጠብቃል፤ ያውም ካወጣ በኋላ ወደ ወንዝ አውርዶ እንደ ገና የሚያስወጣ ነው። ሜዳ፣ ቆላ፣ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚሉትን ቃላት ከመዝገበ ቃላት የሚያጠና አንባቢያችን በዚህ መንገድ ቢጓዝ ሁሉንም በጭኑ ይማራቸው ነበር።

ስለዚህ ዕቅዱን ከጫፉ ጀምረን ወደ ኋላ ሠራነው። የጥምቀት ከተራ ጥር 10 ቀን ከፋሲል መዋኛ ዘንድ መድረስ አለብን አልን። ዘመኑ 2016፣ ዘመነ ዮሐንስ፣ ስለ ሆነ ገና ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ታኅሣሥ 23 ቀን ከካርቱም ተነሥተን፣ በሁለት ቀን ወድ መደኒ፣ ከዚያም በሦስት ቀን ገዳሪፍ ገብተን ገናን በዚያ ልንውል ተስማማን። በበዓሉ ማግስት ተነሥተን በሁለት ቀን መተማ እንደርሳለን። በእነዚህ ወራት ነፋሱ ከሰሜን የሚነፍስ በመሆኑ በሜዳው ላይ ከኋላ ይገፋል፤ ይህም ለብስክሌተኛ እንደ ሁለተኛ ፈረስ ነው።

ከመተማ በኋላ ግን ክርክር ተነሣ። እኔ እስከ ጎንደር ሦስት ቀን ይበቃል አልሁ፤ እሳቸው አራት አሉ። የመጀመሪያውን ቀን ሸሂዲ፣ ሁለተኛውን ነጋዴ ባሕር፣ ሦስተኛውን አይከል፣ አራተኛውን በአዘዞ በኩል ጎንደር። በመጨረሻ በአራት ቀን ረታኝ፤ ማለት ረቱኝ።

ለሜዳው የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሌላ ነው። ጎሕ ሳይቀድ መነሣት፣ ከረፋድ በኋላ በጥላ ሥር መዋል፣ ለአንድ ሰው በቀን ስምንት ሊትር ውሃ መያዝ። የሱዳን ሰው ደግ ነው፤ ዚር የሚባለውን ትልቅ የሸክላ ጋን ውሃ ሞልቶ ከመንገድ ዳር ለአላፊ አግዳሚው ያኖራል። መንገዱ በገዚራ የጥጥ እርሻ አጠገብ አልፎ፣ ከሀገራችን ደጋ የሚፈልቀውን የራሃድን ወንዝ ተሻግሮ፣ ወደ ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ ሜዳ ይገባል። ሽማግሌው የብስክሌቴን የኋላ ጥርስ አውልቀው በትልቅ ለወጡልኝ። ጓዝን ከአሥራ ሁለት ኪሎ እንዳናሳልፍም አስማሉኝ።

መንገዱ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ታላቁን ዓፄ ኢያሱን ለማከም በስናር በኩል አልፎ በ1691 ዓ.ም. ጎንደር ገብቷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ በዚሁ በቆላው በኩል ወደ ስናር ወርዷል። በእኛ ዘመንም ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚደረገው፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የብስክሌት ጉዞ ብዙ ሰዎችን በመተማ በኩል ሽቅብ አውጥቷል። በመተማ ግማሽ ቀን መቆየት ሽማግሌው ያከሉት ነው፤ ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁበትን ስፍራ ሳይሳለሙ ማለፍን ነውር ይሉታል።

ግንቦቹን ለማየት አምስት ቀን ተርፎን ነበር። ዓፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሩ ወዲህ ተከታዮቻቸው በአንድ ቅጥር ውስጥ እየደራረቡ የሠሯቸው አብያተ መንግሥት በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። እነዚህ እንደ አውሮፓ ግንቦች የመካከለኛው ዘመን ሥራዎች አይደሉም፤ ይሁን እንጂ ባለ ክብ ማዕዘን ማማቸውን አይቶ ያን የሚያስታውስ ሰው አይፈረድበትም። እኔ ይበልጥ የጓጓሁት ለጉዛራ ነበር። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ በእንፍራዝ አጠገብ፣ ጣናን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ያለው ይህ ግንብ የዓፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል። እንዲህ ከሆነ የግንብ ሥራ ከፋሲል አስቀድሞ መጀመሩን ይመሰክራል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ሥዑር፣ በካርቱም ጦርነት ተነሣ። እኔ ለፋሲካ አዲስ አበባ ነበርሁ። ከወር በላይ የሽማግሌውን ወሬ አጣሁ። በሰኔ ወር ከጎንደር ስልክ ደወሉ። ሁለቱን ብስክሌቶች ከሱቁ ጣራ ሥር ሰቅለው፣ በሩን ቆልፈው፣ በአውቶቡስ በወድ መደኒ፣ በገዳሪፍና በመተማ በኩል መጡ፤ ያቀድነውን መንገድ አንድም ሳያጎድሉ ማለት ነው። ወድ መደኒ ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. በፈጥኖ ደራሹ ኀይል እጅ ስትወድቅ፣ እኛ ከካርቱም ልንነሣ ከቆረጥንበት ቀን አሥራ አምስት ቀን ቀርቶ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ውጊያ በመነሣቱ የዳገቱም መንገድ ለተራ ተጓዥ የማይመከር ሆነ።

«ዳገቱን በቀን አየሁት» አሉኝ በስልክ። «አውቶቡሱ እንኳ ሦስት ጊዜ ቆሞ ውሃ ተጨመረለት።»

«ግንቡንስ ገብተው አዩት?» አልኋቸው።

«በሩ ድረስ ሄድሁ። ዘበኛው ብስክሌት ማስገባት ይከለከል እንደ ሆነ ጠየቅሁትና ‹ብስክሌትዎ የታለ?› አለኝ። ትቼው ተመለስሁ፤ ከአንተ ጋር እገባለሁ።»

የዕቅዱ ወረቀት ከእኔ ዘንድ አለ። «ከመተማ እስከ ጎንደር 3 ቀን» ብዬ የጻፍሁትን ሽማግሌው በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው ከላዩ 4 ብለውበታል።