ፎርት ሳም ሂውስተን፦ አጋዘን የሚሰማራበት የጦር ሰፈር

ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ የገባ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰደው ወደ ታሪካዊው የአላሞ ምሽግ ነው። ፋታ ያለው ግን ከመሐል ከተማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ፈቀቅ ብሎ ፎርት ሳም ሂውስተንን ቢያይ ይሻለዋል። ሰፈሩ ዛሬም ጦር ስላለበት በር ላይ የመግቢያ ፈቃድ ይጠየቃል።

ኳድራንግል የሚባለው አሮጌ ግቢ ግንባታው በ1876 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ለድንበር ምሽጎች ስንቅና ትጥቅ የሚከማችበት ግምጃ ቤት ነበር። መሐሉ ላይ የቆመው የድንጋይ ማማ አሁን በሰዓቱ ይታወቅ እንጂ መጀመሪያ የተሠራው የውሃ ታንከር እንዲሸከም ነው። ከሥሩ አጋዘኖች ሣር ይግጣሉ፤ ጣዎስም ጅራቱን እየጎተተ በጎብኚው መሐል ያልፋል። የአፓቼ ሕዝብ የጦር መሪ ጀሮኒሞ በ1886 እጁን ከሰጠ በኋላ ወደ ፍሎሪዳ እስኪጋዝ የታሰረው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። የሰፈሩ ሙዚየምም እዚሁ ነው። ሌተናንት ቤንጃሚን ፎሎይ በ1910 የራይት ወንድማማቾችን አውሮፕላን ያበረረውም በዚህ ሰፈር ሜዳ ላይ ነበር።

እኔ ግን ጎብኚው ከኳድራንግል ወጥቶ ጊፍት ቻፕል ድረስ እንዲዘልቅ እፈልጋለሁ። የከተማው ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ ለወታደሮች ያሠራው ይህ የጸሎት ቤት በ1917 የጦር ፍርድ ቤት ሆነ። የ24ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጥቁር ወታደሮች ለጥበቃ ወደ ሂውስተን ከተማ ተልከው ሳለ፣ የከተማው ፖሊሶች ጓደኞቻቸውን ደበደቡ፤ አንዱ ተገደለ የሚል ወሬ ሲናፈስ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ታጥቀው ወጡ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። በመጀመሪያው ችሎት 63 ወታደሮች ባንድነት ሲቀርቡ ተከላካያቸው አንድ ሻለቃ ብቻ ነበር፤ እሱም የሕግ ባለሙያ አልነበረም። ታኅሣሥ 11 ቀን 1917 (እ.ኤ.አ.) ጎህ ሲቀድ 13ቱ ተሰቀሉ። ይግባኝ የሚባል አልነበረም፤ ሕዝቡም የሰማው ከተሰቀሉ በኋላ ነው። በተከታታዮቹ ችሎቶች ሌሎች 6 የሞት ቅጣት ስለተፈጸመባቸው ቁጥሩ 19 ደረሰ።

የአሜሪካ ጦር ፍርዱ ፍትሐዊ እንዳልነበር አምኖ በችሎቶቹ የተፈረደባቸውን የ110ሩንም ወታደሮች ጥፋተኝነት የሰረዘው በ2023 ነው፤ 106 ዓመት ዘግይቶ። ከተሰቀሉት 19 ወታደሮች በፎርት ሳም ሂውስተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ያረፉት 17ቱ ድንጋያቸው ላይ ስምና የሞቱበት ቀን ብቻ ነበር የተጻፈው። በ2024 አዲስ ድንጋይ ቆመላቸው፤ ማዕረጋቸውና ክፍላቸውም ሰፈረበት። መካነ መቃብሩ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ወደ ጦር ሰፈሩ ለመግባት ፈቃድ ያላገኘ ሰውም ሊያያቸው ይችላል። ለእኔ ቢሆን ጉብኝቱ ከዚያ ቢጀመር ደስ ይለኛል።