ከሐራ ቆላ ወደ ሐይቅ

የሐራን ፀሐይ የቀመሰ ሰው ውኃ ሲባል ልቡ ይዘላል። ሐራ ከወልድያ በታች፥ ወደ አፋር ሜዳ በሚያዘነብለው ቆላ የተቀመጠች ገበያ ናትና፥ ልጆቿ የሚያውቁት በክረምት ደፍርሶ የሚወርደውን፥ በበጋ አሸዋውን ትቶ የሚሸሸውን ወንዝ ነው። ዓሣንም ከአምስቱ እንጀራ ጋር በወንጌል ሲነበብ እንጂ በገበታ አያውቁትም። ስለዚህ ባለፈው ጥር፥ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፥ በአንድ ሐሙስ ማለዳ የእኅታችንን ልጅ አስከትለን በመርሳና በውጫሌ መንገድ ወደ ሐይቅ ወጣን።

ባሕሩ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርትን ያስተማሩበትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ተሳለምን፤ ስለ ገዳሙ ግን በጥቂት ቃል መጻፍ ድፍረት ስለሚሆን ወደ ዓሣው እንመለስ።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በዚህ ባሕር ጥንት አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. ገደማ ሰዎች አምጥተው ለቀቁት፤ በዛም። (በባሌ ቀዝቃዛ ወንዞችም ትራውት የሚባለው ዓሣ እንዲሁ ከኬንያ መጥቶ ተለቆአል፤ እርሱን ለማየት ግን የቆላ ሰው ካፖርት ያስፈልገዋል።) አምባዛም በባሕሩ አለ፤ ነገር ግን ቅርፊት ስለሌለው ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በኦሪት ሕግ አስበው አይቀምሱትም።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በጀልባው ተቀበለን። መረቡን ሲስብ ከቆሮሶዎቹ አንዲቱ አፏን ከፈተች፤ እንደ ማሽላ ፍሬ ያሉ ቢጫ እንቁላሎችም በጀልባው ወለል ፈሰሱ።

«አጎቴ፥ ልጆቿን በላቻቸውን?» አለ ልጁ ደንግጦ።

«አልበላቻቸውም፥ ታሳድጋቸዋለች እንጂ» አለ ሽማግሌው። እውነቱን ነው፤ የዚህ ዓሣ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ጠላት ሲመጣባቸው ተመልሰው በአፏ ይሸሸጋሉ። በዚያ ሰሞን እርሷ ምግብ የምትቀምሰው ጥቂት ነው። እኛ በትምህርት ቤት ይህን ስንት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ጽፈናል፤ በዓይናችን ግን ያየነው ያን ዕለት ነው።

ሽማግሌው እናቲቱን ወደ ውኃ መለሳት። እንቁላሎቹን በእፍኙ ሊሰበስብ ሞከረ፤ ከጣቶቹ መካከል አመለጡት። «ዛሬ የመረቡን ዓይን የሚያጠቡ አሉ፥ መምህር፤ ጫጩቱን ከእናቱ ጋር ያወጡታል። እኔ ያረጀሁ ነኝ፥ ይበቃኛል፤ ይህ ልጅ ሲያድግ ግን ምን ያጠምዳል?» አለን። መልስ አልነበረንም፤ በሰው እጅ የገባ ዓሣ በሰው እጅ ሊያልቅ እንዲችል እያሰብን ዝም አልን።

አራት ቆሮሶ ገዝተን በቅጠል ጠቅልለን ተመለስን። በማግሥቱ ዓርብ ነውና፥ በቤታችንም ሥርዓት ዓሣ በጾም ስለማይበላ፥ ሾፌሩን በየኬላው ለመንነው። ሐራ ስንደርስ ሌሊቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። እኅታችን ምጣዱን ጥዳ ቆየችን። ልጁ ግን የአራቱንም አፍ አንድ በአንድ ከፍቶ ሳያይ ቢላዋ አላስነካም።