የጳጉሜ ኖራ

ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ የድሃ ቤት የሚታደሰው ገንዘብ ሲገኝ ሳይሆን ክረምቱ ሲወጣ ነበር። ነሐሴ የጭቃውን ግድግዳ ከሥሩ አርሶ፣ ጥጋጥጉን አሻግቶ፣ ከቆርቆሮው የወረደውን የዝገት ውሃ እዚያው ላይ አድርቆ ይሄዳል። ጳጉሜ ስትገባ እናቶች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ያዩና «በዚህ ፊትማ እንቁጣጣሽን አንቀበልም» ይላሉ። ባል ደመወዙን እየቆጠረ ዝም ይላል። ውሳኔው ግን ያኔ ተወስኗል።

ኖራ እንደ ዛሬው ቀለም በባልዲ ታሽጎ አይመጣም። ድንጋዩ በጆንያ ይመጣና ግማሽ በርሜል ውስጥ ተጥሎ ውሃ ይፈስበታል። ከዚያ እሳት ሳይነድ ይፈላል። ይንፈቀፈቃል፣ ይጨሳል፣ እየተሰነጠቀ ይፈርሳል፤ በርሜሉን ከውጭ ሲነኩት ያቃጥላል። እኛ ልጆች ዙሪያውን እንከባለን፤ «ዓይናችሁን ያጠፋዋል፣ ዞር በሉ!» እየተባልን እንባረራለን፤ ደግሞ እንመለሳለን። አድሮ ሲበርድ በአሮጌ ነጠላ ይጠለላል፤ ቶሎ እንዳይለቅ ጨው ይጨመርበታል። ይበልጥ እንዲነጣ የፈለገች ደግሞ ለነጭ ልብስ የሚሆነውን ሰማያዊ ዱቄት ቆንጠር አድርጋ ትበጠብጥበታለች። ቁንጥሩ ከበዛ ቤቱ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ያርፋል። እኛ ሰፈር ከነበሩት ውሃ ሰማያዊ ቤቶች ስንቱ በምርጫ፣ ስንቱ በእጅ ማምለጥ እንደተቀባ እግዜር ይወቀው።

አቀባቡም ጉድ ነበር። የቃጫው ብሩሽ ተነክሮ ግድግዳው ላይ ሲሄድ የሚታየው ውሃ እንጂ ቀለም አይመስልም፤ የዓምናው እድፍ ከሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነገሩን የማያውቅ ሰው «ይሄ አልያዘም፣ ይደገም» ይላል። የሚያውቁት ይስቁበታል፤ ምክንያቱም ኖራ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። ጠዋት ተቀብቶ ከሰዓት በኋላ ከጨዋታ ስንመለስ ቤቱ ሌላ ቤት ነው። ሽታውም ለብቻው ነው፤ እርጥብ ድንጋይ ድንጋይ ይላል። እስከ መስቀል ድረስ ደግሞ ግድግዳ የተደገፈ ሁሉ ትከሻው ነጭ ይሆናል፤ ማን ማን ቤት አምሽቶ እንደመጣ ከኮቱ ይታወቅ ነበር።

ለምን ቀለም ላይ ብቻ እንዲህ ይረባረቡ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ዞሩ። የእኛም አንዱ ነበር። ኪራዩ ቀላል ነው፤ ግን ቤቱ የአንተ አይደለም። መስኮት ላስፋ፣ ግድግዳ ላንቀሳቅስ ብትል ፈቃድ መጠየቅ አለብህ፤ ፈቃዱ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ቀለም ቀባህ ብሎ የሚከስህ ግን የለም። በራሷ እጅ ያለ ሌላ ነገር ያልነበራት እናት ቀለሙ ላይ ብትጨነቅ ምን ይገርማል!

ደግሞም ብቻዋን አትጨነቅም። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ ስለሆኑ የአንዱ ማማር የሌላውን እድፍ ያጋልጣል። አንድ ቤት ኖራ ከፈላ ሳምንቱን ሙሉ ጓሮው ሁሉ ኖራ ኖራ ይሸታል።

«እትዬ፣ የተረፈ ኖራ ይኖራል?»

«ለበረንዳሽ ይበቃሻል። ብሩሹን ግን አጥበሽ መልሺ፤ አምና አድርቀሽ ነው የሰጠሽኝ።»

ከዚያ ቡና ይፈላል፣ ቀለሙ ይተቻል። «ትንሽ ጠቆር ቢል ኖሮ» የምትል አትጠፋም፤ ሁልጊዜም የምትለው አንዷ ናት።

ገቢያቸው ሻል ያለ ሰዎች ግድግዳውን ከወገብ በታች በዘይት ቀለም፣ ከላይ በነጭ ያስቀቡ ነበር። ክሊኒክም፣ ትምህርት ቤትም፣ ቡና ቤትም በዚያው መልክ ነበሩ። የልጅ እጅና የእንግዳ ጀርባ የሚደርሰው እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ታስቦበት የተሠራ ነገር ነው። ቀለም ቀቢው ሲባጎ በቀለም ነክሮ ከጥግ እስከ ጥግ ይወጥርና መሃሉን በሁለት ጣቱ ስቦ ይለቀዋል። ጧ! ይላል፤ ግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ልኬት የለ፣ መሣሪያ የለ። እስካሁን እንደዚያ ቀጥ ያለ መስመር በግንበኛ ሌዘርም አላየሁም ብል አጋነነ እንዳትሉኝ።

የበሩ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። የዘይት ቀለም ውድ ስለነበር በር የሚቀባው በተገኘው ነው፤ የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ከተረፈው ነበር። «ተረፈ» የምለው በአክብሮት ነው። ከደጅ ቆሞ በሩን ያየ ሰው የቤቱ ጌታ የት እንደሚሠራ መገመት ይችላል። ሦስት በር በተከታታይ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ከሆነ፣ ሦስቱ አባወራዎች አንድ ግቢ እንደሚውሉ ያስታውቃል።

ኮርኒስ የምንለው አቡጀዴ ነበር። ተሰፍቶ ከማገሩ ጋር በሚስማር ይመታል፤ ከዚያ ጀሶ ወይም ኖራ በቀጭኑ ሲቀባ ይሰበሰብና ይወጠራል። ያምር ነበር። ችግሩ አይጦቹ ናቸው። ማታ መብራት ሳይጠፋ ቀና ብለን ስናይ የእግራቸው ጫና ጨርቁን እያጎደጎደ ከጥግ ወደ ጥግ ይሄዳል፤ አባዬ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ነካ ሲያደርገው ጉድጓዱ በድንጋጤ አቅጣጫ ይቀይራል። በኋላ አቡጀዴው ሲወደድ የማዳበሪያ ከረጢት ተተካ። እሱስ ቀለምም አልያዘም።

ከሁሉ በላይ የሚናፍቀኝ ግን የውስጥ ግድግዳችን ነው። እዚያ ኖራ አይነካም፤ ድርሻው የጋዜጣ ነው። ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እስኪወፍር እሳት ላይ ይማሰላል፤ አዲስ ዘመን በሁለት ሰው ተይዞ ይለጠፋል። ፊደል የቆጠርሁት ቄስ ትምህርት ቤት ቢሆንም ማንበብ የለመድሁት ከአልጋዬ ራስጌ ነው። ለጣፊዎቹ ማንበብ የማይችሉ ከሆኑ ግማሹ ይገለበጣል፤ አንገት ዘቅዝቆ ማንበብም አንድ ሙያ ነበር። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። አንድ ወሬ ደርሶ ደርሶ ልብ ሲሰቅል «ወደ ገጽ 6 ዞሯል» ይላል። ገጽ 6 ደግሞ በሙጫ ከጭቃው ጋር ተጣብቋል። የዚያ ወሬ መጨረሻ ዛሬም አልደረሰኝም።

ጋዜጣው ሲያረጅ አይላጥም፤ ላዩ ላይ ሌላ ይደረብበታል። ስለዚህ ግድግዳው ከውጭ ወደ ውስጥ ሲላጥ ዘመን ይቆጠርበታል። ከላይ በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ የመጡት የግል መጽሔቶች፣ ከሥራቸው የደርግ ዘመኑ ጋዜጣ ሠርቶ አደር፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ንጉሡ አንድ ነገር ሲመርቁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ በየቤቱ ከግድግዳ አልወረዱም፤ ወረቀት ተደርቦባቸው እዚያው ቆዩ።

ያንን ቤት ለማሞገስ አልተነሳሁም። እርጥበቱ ደረት ይይዛል፣ ትኋኑ አያስተኛም፤ ዛሬ ተመለስ ብባል አልመለስም። ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ቁልፍ የተቀበለ ሰው ሁሉ ቀለሙንና ወለሉን ራሱ ማስጨረስ ስለነበረበት ስለ ስቱኮ፣ ስለ ኳርትዝ፣ ስለ ጂፕሰም ኮርኒስ ባለሙያ ሆነ። አሁን ምርጫው የትየለሌ ነው። ካታሎግ ይገለጣል፣ ቁጥር ይነገራል፣ ማሽን ይቀምመዋል። ከዚያ ሁሉ ምርጫ በኋላ ግን ዘመድ ቤት በሄድሁ ቁጥር የማየው ያው ኦፍ ዋይት ነው፤ ቴሌቪዥኑ የተሰቀለበት ግድግዳ ብቻ ጡብ የሚመስል ዎል ፔፐር ይለብሳል። ወረቀት ለጥፈን ስናድግ ድህነት ነበር፤ ዛሬ ዲኮር ነው። ያውም የሚነበብ ነገር የሌለበት።

የቀለሙ ሻጭ «ይታጠባል፣ ዓመታት ይቆያል» ይለኛል። እውነቱን ነው። እኔ ግን ኖራን የምወደው ባለመቆየቱ ነው። በዓመቱ ስለሚለቅ በዓመቱ ሰው ይሰበስብ ነበር፤ ብሩሽ ያዋውስ፣ ያጣላ፣ ያስታርቅ ነበር። የማይለቅ ቀለም የተቀባ ቤት ውስጥ ጳጉሜ ላይ ጎረቤት የሚጠራበት ሰበብ የለም። ዛሬ እኔ ባለሁበት ፎቅ ካሉት ሁለት ጎረቤቶቼ የቤታቸውን ውስጥ ቀለም የማውቀው የአንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም በሩ ተከፍቶ ስላየሁት።

ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ ስንት የተደራረበ ግድግዳ ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ እንደሄደ የቆጠረው የለም። አሁንም ጭቃ ቤት ውስጥ ሆናችሁ የመነሻ ደብዳቤ የምትጠብቁ ካላችሁ አንድ ልለምናችሁ። ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አላቁት፤ ከኋላው ቀለም ያልደረሰበት ጋዜጣ አይጠፋም። ቀኑ እንዲነበብ አድርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ማን እንደለጠፈውም እናታችሁን ጠይቁና ከፎቶው ጋር ጻፉት።